ዲፓርትመንቱስ?

ወላጆች ለልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚመርጡ የጻፉት ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን ኢንጂነሪንግ ለሚማር ልጅ «መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን ስም እዩ» ያሉት ላይ አልስማማም።

ልጁ ግቢ ስለገባ ብቻ የፈለገውን አይማርም። መጀመሪያ የፍሬሽማን ዓመት አለ። ከዚያ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በውጤት ነው። ሶፍትዌርና ኤሌክትሪካል ላይ ሁሉም ይረባረባል፤ ጎበዞች በተሰበሰቡበት ግቢ ደግሞ ፉክክሩ ይብሳል። ስለዚህ «ሶፍትዌር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ልጅ ስሙ ባልገነነ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል። ይህን ማንም አይነግረውም።

የአዲስ አበባ እና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም። የምዝገባውን ቀን ወላጅ ይከታተል፤ ልጆቹ ከማትሪክ በኋላ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

እኔ ብሆን አራተኛና አምስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጌ አወራለሁ። ላብራቶሪው ይሠራል ወይስ ተቆልፎ ነው የሚውለው? ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ግቢው ያገናኛል ወይስ ልጁ ደብዳቤ ይዞ በየቢሮው ይዞራል? ሌዝ ማሽን (የብረት መቅረጫ) በእጃቸው ሳይነኩ የተመረቁ መካኒካሎች አውቃለሁ። (የት እንደሆነ ይቅር።)

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ለመመረቅ ማለፍ ያለበት የመውጫ ፈተናም መጥቷል። ስንት እንዳሳለፉ ስትጠይቁ የዩኒቨርሲቲውን ጥቅል ቁጥር ተዉት፤ ልጃችሁ የሚፈልገውን ዲፓርትመንት ለይታችሁ ጠይቁ።