ቴርሞስታቱ ለምን ካርቶኑ ውስጥ የለም?

ዛሬ የሆዴን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጉዳዩ እባብ ነው። አዎ፣ ቤት ውስጥ የሚኖር እባብ። እኛ ሀገር እባብ ሲታይ ዱላ ይነሳል እንጂ ማሞቂያ አይገዛለትም፣ አውቃለሁ። ግን ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ ልጅ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነኝ። 12 ዓመት ሲሞላው እሺ አልኩትና ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ገዛንለት። መርዝ የለውም። ሲፈራ ተጠቅልሎ ኳስ ይመስላል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። አገሩ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን ነው። ሙቀት ለምዶ የተፈጠረ እንስሳ ነው።

ሻጩ “ሁሉም ነገር የተሟላለት” ብሎ አንድ ካርቶን ሰጠን። የመስታወት ሳጥን፣ የወንፊት ክዳን፣ ከስር የሚለጠፍ ማሞቂያ፣ ቀይ አምፖል፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀስት ቴርሞሜትር። ሶኬት ላይ ሰካነው። በሴንቲግሬድ ሲሰላ 27 ዲግሪ አለ። በቃ፣ ተስተካከለ አልን።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ሳጥኑን እያጸዳ ጠራኝ። “አባ፣ ሆዱን እየው።” ነጭ የነበረው የሆዱ ቅርፊት ሦስት ቦታ ቀልቷል። አንዱ ውሃ ቋጥሯል። ማሞቂያው ያለበት መስታወት ላይ እጄን አሳርፌ ወዲያው አነሳሁት። ከጎረቤት የሙቀት መለኪያ ተውሼ ወለሉን ስለካው 49 ዲግሪ! ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ግን አሁንም 27 ይላል። እሱ የሚለካው አየሩን ነዋ። እባቡ የሚተኛው ወለሉ ላይ ነው።

እባብ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም። ስለዚህ የሳጥኑ አንዱ ጎን 32 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው ጎን 25 ወይም 26 እንዲሆን ይደረግና እሱ ሲበርደውም ሲሞቀውም ቦታ ይቀያይራል። ያ ማሞቂያ ግን ራሱን አያጠፋም። የሚያበራ የሚያጠፋው ቴርሞስታት ነው። ሙቀት የሚለካውን ጫፉን፣ ሴንሰሩን፣ ማሞቂያው ላይ ታስራለህ፣ 32 ላይ ትሞላዋለህ፣ አለቀ። ካርቶኑ ውስጥ የሌለው ይሄ ዕቃ ነው! ተመልሼ ሄጄ ስጠይቅ “እሱ እንኳ አማራጭ ነው” አለኝ። የልጄ እባብ ሆድ ተቃጥሎ፣ አማራጭ!

ገዛሁት። እሱም ቢሆን ሴንሰሩ ከቦታው ከተንሸራተተ “ገና ቀዝቃዛ ነው” ብሎ ያለማቋረጥ ያነዳል። ይሄንንም የነገረን የለም። ልጄ አሁን በየማታው ሳይተኛ ሴንሰሩን በጣቱ ነክቶ ያረጋግጣል።

ከዚያ ደግሞ በረዶው ወቅት መጣ። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የቤቱ ማሞቂያ ከንፈር ይሰነጥቃል። ይህ እንስሳ 60 በመቶ ገደማ እርጥበት ይፈልጋል፣ የኛ ሳጥን 22 ነበር። የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ በወንፊቱ ይወጣል። ቆዳውን ሲለውጥ እንደ ካልሲ በአንዴ መውለቅ የነበረበት ተቆራርጦ ወጣ፣ ዓይኑ ላይም ተጣብቆ ቀረ። “ክዳኑን ሸፍነው” ተባልኩ። በፕላስቲክ ድፍን አድርጌ ሸፈንኩት። ጠዋት መስታወቱ አልቦታል። በሁለት ሳምንት ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ጀመር። አንድ ሌሊት እባቡ አንገቱን ቀና፣ አፉን ከፈት አድርጎ ሲያፏጭ አገኘነው። ሳንባው ኢንፌክሽን ይዞታል። መርፌ፣ የሐኪም ክፍያ፣ የልጅ ለቅሶ።

እርጥበት ሌላ ነው፣ የታፈነ አየር ሌላ። ይሄንን የነገረችኝ ሐኪሟ ናት፣ ያውም በሁለት ደቂቃ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ንጹሑ በአንዱ ጎን ከታች ገብቶ የሞቀው በሌላው ጎን ከላይ መውጣት አለበት። ከልጄ ጋር የእንጨት ሳጥን ሠራንና እንደዚያው አድርገን በሳንው። ሰፊ የውሃ ሳህን አስቀመጥን። ሌሊት ጨለማ ስለሚፈልግ ቀዩን አምፖል አወጣን። እርጥበቱ አሁን 60 ነው፣ ሳጥኑም አያልበውም።

ይሄ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል እኮ! ሲሸጡ አብረው ቢሰጡ ምን ይጎዳቸዋል? እንስሳው ተቃጠልኩ፣ ታፈንኩ ብሎ አይናገርም።

ቅዳሜ ለት አይጥ ልገዛለት ሄጄ አንዲት እናት ያንኑ ካርቶን ይዛ ሰልፍ ላይ ቆማለች። አጠገቧ የልጄ እኩያ የሆነች ልጅ። ዝም ማለት አልቻልኩም። “ቴርሞስታት ይዘሻል?” አልኳት። “ምንድነው እሱ?” አለችኝ። ሻጩ ሰማኝ፣ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ይዣት ሄድኩና መደርደሪያውን አሳየኋት። ከካርቶኖቹ ሦስት ረድፍ ርቆ፣ የዓሣ ምግብ ጀርባ ነው ያስቀመጡት።