ለቦዲ የመጨረሻዎቹ ማዕድን አውጪዎች የቀረበ ውዳሴ

በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ነፋስና ቁጥቋጦ ብቻ በሰለጠኑበት ኮረብታማ ምድር ላይ ቦዲ የምትባል የጥንት የወርቅ ከተማ ትገኛለች። የታሪክ ጸሐፊዎች የቦዲ ማዕድን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ የአሜሪካ መንግሥት የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች እንዲዘጉ ባዘዘ ጊዜ እንዳበቃ ይጽፋሉ። ይህ አጻጻፍ አንድን ታታሪ የኅብረተሰብ ክፍል የሚገባውን ክብር ስለሚነፍግ መታረም ይኖርበታል። ከዚያ ወዲህም በቦዲ ፍለጋው፣ ለቀማውና ነቀላው ቀጥሏል፤ ልዩነቱ የፊተኞቹ በዶማና በድማሚት፣ የአሁኖቹ ደግሞ በሁለት ጣትና በሰፊ የጃኬት ኪስ የሚሠሩ መሆናቸው ብቻ ነው። «ለማስታወሻ» እያሉ ከታሪክ ቦታ አንዳች ነገር ሳይዙ የማይመለሱት እነዚህ ጎብኚዎች እስከ ዛሬ የሚያወድሳቸው ሰው አለማግኘታቸው ያሳዝናል።

ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸሩ የቀድሞዎቹ ቆፋሪዎች ትዕግሥት የጎደላቸው ነበሩ። ከተማዋ በስሙ የተጠራችለት ደብልዩ ኤስ ቦዲ በ1859 በአካባቢው ወርቅ ካገኙት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በበረዶ ውሽንፍር ስለ ሞተ ከተማዋን ለማየት አልታደለም። በ1870ዎቹ አጋማሽ አንድ ጉድጓድ ተደርምሶ በወርቅ የበለጸገ ድንጋይ ሲገለጥ ግን ሰዉ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በ1880 ገደማ ቦዲ 8,000 ያህል ነዋሪ፣ 2,000 ያህል ቤት፣ ቁጥሩ የበዛ መጠጥ ቤትና የማዕድን ድንጋይ የሚወቅጡ ፋብሪካዎች ነበሯት። ከጥንት ጀምሮ በዚያ ምድር የኖሩት የፓይዩት ሕዝቦች ፍሬያቸውን ለምግብ የሚለቅሙላቸው ጥዶች ለማገዶ እየተቆረጡ አለቁ፤ ስለዚህ ሳያስፈቅዱ መውሰድ በቦዲ የትናንት ፈሊጥ አይደለም። ወርቁ ሲመነምን ሕዝቡ ለጓዝ የማይመቸውን ሁሉ እዚያው ጥሎ ሄደ። በ1892 እና በ1932 የተነሡት ቃጠሎዎችም ከቀረው አብዛኛውን በሉት፤ የኋለኛውን ያስነሣው ክብሪት የያዘ ትንሽ ልጅ ነው ይባላል።

እሳቱ ያላዳረሰውን ለማዳረስ የተነሡት የኛ ጀግኖች ናቸው። የከተማዋን አብዛኛውን ይዞታ የገዛው የጄምስ ኬን ቤተሰብ ባዶዎቹን ቤቶች ከዘራፊ ለመጠበቅ ዘበኛ መቅጠር ግድ ሆኖበት እንደነበር ስናስታውስ፣ ልማዱ ከፓርኩ የሚቀድም የተከበረ ታሪክ እንዳለው እንረዳለን። በ1962 ቦዲ የግዛቲቱ ታሪካዊ ፓርክ ሆነች። የፓርኩ አስተዳደር የመረጠው አጠባበቅም ለየት ያለ ነው፤ ቤቶቹን አድሶ አዲስ አያስመስላቸውም፣ እንዲፈርሱም አይተዋቸውም። ጣሪያው ሲያፈስ ይደፈናል፣ ግድግዳው ሲያዘነብል ይደገፋል፤ ውስጡ ግን ነዋሪዎቹ ትተውት እንደሄዱ ይቆያል። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ቆርቆሮና ጠርሙስ፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተማሪ ወንበር፣ በሁሉም ላይ አቧራ አለ። ለአንድ አስተዋይ ጎብኚ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ የሌለበት፣ ሻጩ የማይታይበት፣ ዋጋ ያልተለጠፈበት ገበያ ማለት ነው።

ከፓርኩ ድንጋይ እንኳ ማንሣት ክልክል ነው፤ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መግባትም እንዲሁ። ጎብኚው ግን ሕግ ለሌላ ሰው የሚወጣ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ የተረዳ ነው። ደግሞስ የደከመበትን ማን ይክፈለው? ከዋናው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር አስፋልት የሌለው በመሆኑ መኪናው እየተንገጫገጨ አጥንቱን አላልቶታል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ (የአዲስ አበባ ልጅ ካልሆነ በቀር) ትንፋሽ አጥሮታል፤ ሲደርስም ምግብ ቤት የለም፣ ነዳጅ ማደያ የለም። ይህን ሁሉ ችሎ አንዲት የዛገች ሚስማር ብቻ መውሰዱ ስስት ሳይሆን ትሕትና ነው። አንዲት ሚስማር ደግሞ ቤት አታፈርስም። እርግጥ ነው፣ ከኋላው የሚመጣውም ጎብኚ የሚወስደው አንዲት ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውም በቁጥብነቱ ከሁለቱ አያንስም፤ በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቁጥቦች በአንድ ሳንቃ ፊት ሲያልፉ ሳንቃው ራሱን ችሎ ሊቆም የማይችል ደካማ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የአናጺው ነው።

ከኦክላንድ፣ ከሳን ሆዜና ከሳክራሜንቶ ተነሥተን ዮሰሚቲንና ሞኖ ሐይቅን ካየን በኋላ ወደ ቦዲ ጎራ የምንል ሐበሾችም በዚህ ዘርፍ ከማንም የምናንስ መስሎ አይታየኝም። ጠበል ቦታ ደርሶ በጠርሙስ ሳይቀዳ፣ ከደጀ ሰላሙ እምነት ሳይዝ የማይመለስ ሕዝብ ከታሪክ ቦታ ባዶ እጁን ቢወጣ ጉዞው የተቆጠረለት አይመስለውም። የሚለየው፣ ጠበሉንና እምነቱን የሚሰጥ ካህን መኖሩ ነው፤ በቦዲ ግን ጎብኚው ሰጪም ተቀባይም ራሱ ስለሆነ አሠራሩ ቀልጣፋ ነው። በተለይ ለልጆቻችን ታሪክ የምናስተምርበት ዘዴ ሊጠና ይገባዋል። ልጅቱ በመንገድ ዳር ያገኘችውን የሸክላ ገል አንሥታ «አባዬ፣ ይቻላል እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ፣ አባት ወዲያና ወዲህ ከተመለከተ በኋላ «ያዢው እናቴ፣ ማንም አላየሽም» ይላታል። ያ ገል በማን ማዕድ ላይ እንደነበረ፣ ሳህኑ ከየት ተጭኖ እዚያ ተራራ ላይ እንደደረሰ ልጅቱ ላታውቅ ትችላለች፤ ሰው እንዳያይ ዙሪያን መቃኘትን ግን በሚገባ ተምራለች።

የዚህ ጥበብ ጫፍ የታየው በቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ1882 የተሠራው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ከመሠዊያው በስተጀርባ ዐሠርቱ ትእዛዛት የተጻፉበት ሸራ ተሰቅሎ ነበር፤ እርሱም ተሰርቋል። ወሳጁ ሸራውን ጠቅልሎ በብብቱ ሲይዝ «አትስረቅ» የሚለውን ከሌሎቹ ዘጠኝ ጋር ጠቅልሎ መሄዱን ልብ ይሏል። ይህን ሰው ሌባ ብሎ መጥራት ይከብዳል፤ ምናልባት ትእዛዙን ቤቱ ወስዶ በጥሞና ሊያነበው ፈልጎ ይሆናል።

ወደ ተመላሾቹም እንለፍ፤ እነርሱም ውዳሴ አያንስባቸውም። ከቦዲ ዕቃ የወሰደ ሰው እርግማን ይከተለዋል የሚል ወሬ ከተሰማ ቆይቷል፤ ወሬውን ያስነዙት ስርቆቱ ያስመረራቸው የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው የሚሉም አሉ። ምንጩ ማንም ይሁን ማን፣ ውጤቱ አስደናቂ ነው። ሰንሰለትና ቅጣት ያላስመለሰውን፣ ኅሊናም ያልጎረበጠውን ሚስማር የተሰበረ እግር፣ የጠፋ ሥራና የተበላሸ መኪና አስመልሰውታል። ጠርሙሱ፣ ሚስማሩና ጫማው ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመጣል፤ ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ በፓርኩ ቤተ መዘክር ለጎብኚ ቀርበዋል። በዚህም ምክንያት ንስሐ ምን ያህል ሥርዓት ያለው ነገር መሆኑን ተምረናል። የሚጸጸተው ሰው የሚጸጸተው ስለ ከተማዋ አይደለም፤ ስለ መኪናው ነው። ኑሮው የተቃናለት ጎብኚ ደግሞ እርግማኑ እንዳልደረሰበት ስለሚያውቅ ሚስማሩን በመስኮቱ ደፍ ላይ እንዳስቀመጠ በሰላም ይኖራል።

የሚያስቸግረው ጠባቂዎቹ ናቸው። ፖስታውን ከፍተው ሚስማሩን በመዳፋቸው ይዘው ወደ መቶ የሚበልጡትን ቤቶች ይመለከታሉ። ከየትኛው በር፣ ከየትኛው ሳንቃ፣ ከየትኛው ጋጣ እንደተነቀለ የሚነግራቸው የለም፤ ስለዚህ ዕቃው ቢመለስም ቦታው አይመለስለትም፣ ከቦታው የተለየ ሚስማር ደግሞ ከማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ሚስማር የሚለየው በዝገቱ ብቻ ነው።

ስለሆነም ለወደፊት ተጓዦች አንድ የአሠራር ማሻሻያ በአክብሮት አቀርባለሁ። ወደ ቦዲ የሚሄድ ሰው ቴምብር የተለጠፈበትና የፓርኩ አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ከቤቱ ይዞ ይነሣ፤ የይቅርታ ደብዳቤውንም ከዋዜማው ጽፎ ይጨርስ። ሚስማሩን ከነቀለ በኋላ የቤቱን ስም፣ ግድግዳውንና ከመሬት ያለውን ከፍታ በደብዳቤው ግርጌ ይመዝግብ። ከፓርኩ ሲወጣም በመጀመሪያው ፖስታ ቤት አቁሞ ይላከው፤ በዚህ መንገድ ጠባቂዎቹ ከፍለጋ ይድናሉ፣ እርሱም የመኪናው ሞተር እስኪነክስ ድረስ መጠበቅ አይኖርበትም።