የጠፋ ሰው ፋይል

በምሠራበት የቨርጂኒያ አረጋውያን መንከባከቢያ ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ እየተነሣ ጀርመንን ይደበድብ በነበረው 8ኛው የአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ፣ በቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መትረየስ ተኳሽ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ሸሚዛቸውን የምቆልፍላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ምክንያቱን ነገሩኝ። መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተበት፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ውስጥ፣ አልተኩስ ያለ መትረየስ ለማስተካከል ጓንታቸውን አወለቁ። ቆዳቸው ብረቱ ላይ ቀረ።

አውሮፕላኑ አሥር ሰው ይይዛል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1943 የሽዋይንፈርትን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ለመምታት ከተነሡት 291 ቢ-17ዎች 60ዎቹ አልተመለሱም። 25 ግዳጅ የፈጸመ ወደ አገሩ ይላክ ነበር፤ በዚያ ዓመት እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። ከዚህ ጦር ብቻ ከ26,000 በላይ ሰው ሞቷል። ቦምቡ ከታች የፈጀው ሴትና ሕፃንም አለ። ይህ ሲነሣ ሽማግሌው ዝም ይሉ ነበር።

አንድ አውሮፕላን ሲጠፋ ፋይል ይከፈትለት ነበር፦ የሞተሮቹና የመትረየሶቹ ቁጥር ሳይቀር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስምና የቅርብ ዘመዱ አድራሻ። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ አጠገብ ባለው የአሜሪካውያን መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ አስከሬናቸው ያልተገኘ ከ5,000 በላይ ሰዎች ስም ተቀርጿል። አንዱ ሲገኝ ከስሙ ጎን የነሐስ ጽጌረዳ ይደረግለታል። ዛሬም አጥንት ቆፍረው እያወጡ በዲኤንኤ ምርመራ ከእህት ልጅ ምራቅ ጋር ያመሳክራሉ።

እኔም የእህት ልጅ ነኝ። አጎቴ በ1969 ዓ.ም. ከጎጃም ተነሥቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ፣ ወደ ኦጋዴን ዘመተ። ሞተ ወይም ተማረከ ብሎ የነገረን ሰው የለም። አያቴ ተዝካር አላወጣችለትም፤ ጋቢውን በየዓመቱ ለጥምቀት እያጠበች ሳጥኑ ውስጥ ትመልሰው ነበር። የጠፋው ያልተመዘገበው ድሆች ስለሆንን ነው ይባላል። ስም ደብተር ላይ ለማስፈር ግን ስንት ብር ይጠይቃል? ይህ ያንገበግበኛል።

እናቴ 80 ዓመት ሆኗታል። ክረምቱ ሲያልፍ አገሬ እገባለሁ፤ ከአጎቴ ጋር በአንድ መኪና የተጫኑትን የመንደሩን ልጆች እያስታወሰች ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። በስልክ እስካሁን የሰባቱን ስም ከነአባታቸው ይዘናል።