«መድኃኒቱን ማን ሰጠ?»

እናት ገና ከመገላገሏ ደም በብዛት ይፈስሳታል። ሐኪሙ ማሕፀን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን መድኃኒት ያዝዛል፦ «ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት!» ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ለማን እንደተሰጠ ግን አይታወቅም። አንዷ ነርስ የደም ሥር ትፈልጋለች፣ ሌላዋ ደም ለማምጣት ትሮጣለች፣ አዋላጇ ማሕፀኑን ታሻለች። ሁሉም «ሌላው ሰጥቷታል» ብሎ ያምናል። ከደቂቃዎች በኋላ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ይገኛል።

በዚያ ክፍል የሕክምና እውቀት አልጎደለም። አንዷ ነርስ በስሟ ተጠርታ፣ «10 ዩኒት በጡንቻ» ብላ መልሳ፣ ስትጨርስ «ሰጥቻለሁ» ብትል ኖሮ ይበቃ ነበር። ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ መርፌ መውጋት እንደሚለመድ ሁሉ በልምምድ የሚያዝ ሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔን ደሴት በቴኔሪፌ ሁለት አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። አንደኛው ለመነሣት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ መንገዱ ነጻ መሆኑን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ አዛዡ ግን አልፎት ሄደ። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ የአቪዬሽን ሙያ የበታቹን መናገር፣ አለቃውን ማዳመጥ ማሠልጠን ጀመረ። ሕክምናው ዘግይቶ ተከተለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ አንዱ ባለሙያዎቹ ከመቅደዳቸው በፊት ስማቸውንና ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ሳይነጋገሩ ምልክት ብቻ የሚያደርጉበት ከሆነ ግን ከወረቀት አያልፍም።

የራስን ሥራ መለስ ብሎ መመርመርም በአዳራሽ ገለጻ አይለመድም። ተማሪው ለውጤት ሲል «ብዙ ተምሬበታለሁ» ብሎ ገጽ ይሞላል፤ የሚያሳፍረውን ግን አይጽፍም። እኔ የምመርጠው በፈረቃ ርክክብ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሞ መነጋገርን ነው፦ ምን አሰብን፣ ምን ሆነ፣ ነገ ምን እንለውጥ? አለቃው የራሱን ስሕተት አስቀድሞ ይናገር፤ በሌሎቹ አሠራር ላይ ያለውን አስተያየት ግን መጨረሻ ላይ ይስጥ። እዚያ የተነገረ ስሕተት በማግስቱ የቅጣት ደብዳቤ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ዳግመኛ አፉን የሚከፍት አይኖርም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሐኪሙ፣ ነርሷና አዋላጇ ለየብቻ ተምረው መጀመሪያ የሚገናኙት ደም በሚፈስሳት እናት አልጋ ዙሪያ መሆኑ ነው። በሕክምና መለማመጃ አሻንጉሊት ላይ አብረው ይለማመዱ። የመመረቂያ ፈተናውንም አብረው ይውሰዱ፤ ፈታኙም ትእዛዙ ማን ጋር እንደደረሰ ይመዝግብ።