በዶላር የሚከራይ የዕድር መዝገብ
አራት ኪሎ ተቀምጬ በገጠር ላለው የዘመዶቼ ዕድር የአባላትና የመዋጮ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ብሠራም፣ የማስቀምጥበት ርካሽ ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) ማግኘት ከሥራው ይልቅ አድክሞኛል። መረጃውን የሚያከማችልኝ የመረጃ ቋት ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ በነጻ ይገኛል፤ መዝገቡም ቢበዛ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ነገር ግን የውጭ አከራዮች የሚያስከፍሉት በዶላር ሲሆን፣ የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ ያኔ ርካሽ የነበረው ኪራይ ዛሬ ለትርፍ ጊዜ ሥራ የሚቀመስ አይደለም፤ ያውም በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ከተገኘ። የጠየቅሁት የአገር ውስጥ አከራይ ደግሞ ንግድ ፈቃድ አምጣ አለኝ። ለዕድር መዝገብ! ነጻ የሚባሉት ሰርቨሮችም ለጥቂት ጊዜ ካልተከፈቱ ስለሚቆሙ፣ የዕድሩ ጸሐፊ በደካማ ኔትወርክ ገጹ እስኪነሣ ሲጠብቅ መስመሩ ይቋረጥበታል፤ ከዚያም የሚደውለው ለእኔ ነው።