እንቁራሪቷ በቀጠሮዋ አልተገኘችም

ሰሞኑን አንድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ እጄ ገብቶ አነበብኩት። ረግረግ መሬት ደልድሎ መጋዘን ለመሥራት የተጠና ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ስታነቡ ደማችሁ እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ የእኔም ሲፈላ ኖሯል። ዛሬ ግን አጥኚዎቹን ማመስገን አምሮኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ሳናመሰግናቸው የኖርን እኛ ነን ውለታ ቢሶቹ።

መቼም ፍጥነታቸውን ያላደነቀ ሰው ልብ የለውም። አንዳንድ ሥራ ፈት የሥነ ምህዳር ሰዎች አንድን ረግረግ ለማወቅ በክረምትም በበጋም፣ በቀንም በሌሊትም መመላለስ ያስፈልጋል ይላሉ። የእኛዎቹ በበጋ፣ በአንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ጨርሰውታል። ፎቶ መነሣቱም ከዚሁ ሰዓት ላይ ነው። ውጤቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፦ «በጥናቱ ወቅት የእንቁራሪት ዝርያ አልታየም።»

እዚህ ላይ ፍርዴ በእንቁራሪቷ ላይ ነው። ባለሙያ ያህል ሰው መኪና አስነሥቶ መጥቷል። አንጸባራቂ ሰደርያውን ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እሷ የት ናት? ጭቃው ሲደርቅ ወደ ታች ሰርስራ ገብታ ተኝታለች! ዝናብ ካልጣለ አልነሣም ብላለች። ስትነሣም ሌሊት ነው የምትጮኸው፤ በሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ «ኳ» ብትል ምን ይጎድልባታል? የሌሊት ወፏም ያው ናት፤ በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ንቃቃት ውስጥ ተዘቅዝቃ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ስደተኛዋ ወፍ ደግሞ የባሰባት ናት፤ ጥናት እንዳለ እያወቀች ማንንም ሳታስፈቅድ አህጉር ለቃ ሄዳለች። አበባዋ ገና ዘር ሆና አፈር ውስጥ ነበረች፤ ይህ እንግዲህ ግልጽ የትብብር ማነስ ነው። የእንቁራሪቷ ግን አይወጣልኝም። ቢያንስ የቤቱን ባለቤትነት የሚያስረዳ ማመልከቻ ጽፋ፣ እርጥብ ጣቷን አሳርፋበት፣ በሦስት ኮፒ ጭቃው ላይ ትታ መተኛት አትችልም ነበር? አልቻለችም። ስለዚህ የለችም። የለችምና የሚጎዳ የለም። የሚጎዳ ስለሌለ ይደልደል።

አለማየት እንዴት ያለ ጥበብ እንደሆነ ካላመናችሁ የአሜሪካዋን የቴነሲ ግዛት አስታውሱ። በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ የዓሣ ተመራማሪ የቴሊኮ ግድብ በሚሠራበት ወንዝ ውስጥ ጭንቅላቱን ነክሮ ጣት የምታክል ዓሣ አየ፤ ስኔይል ዳርተር ትባላለች። ዝርያዋ እንዳይጠፋ ሲባል በዚች ሰበብ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ሊያልቅ የተቃረበውን ግድብ አስቆመ። በማግስቱ ዓመት ምክር ቤቱ ለግድቡ ብቻ የሚሆን ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ውኃው ተሞላ እንጂ፣ ነገሩ አደገኛ ነበር። የእኛ ባለሙያዎች ትምህርቱን በሚገባ ወስደዋል፤ ጭንቅላት አይነከርም።

ሰነዱ ውስጥ ስለ ባሕር ዔሊዎች አያያዝ ሦስት አንቀጽ አለ። ረግረጉ ከየትኛውም ባሕር ሩቅ ነው። ዔሊዎቹ ከቀድሞ ፕሮጀክት ሰነድ ተገልብጠው የመጡ እንግዶች መሆናቸውን ስረዳ፣ ለእንቁራሪቷ የተነፈገው መስተንግዶ ለእነሱ መደረጉ አስደሰተኝ።

ጊዜውስ ቢሆን? ይህ ግምገማ በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሕግ ሆኖ ሥራ ላይ ሲውል ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ከመቁረጥህ በፊት እይ። በ1992 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢና የልማት ጉባኤ የወጣው የሪዮ መግለጫም በ17ኛው መርሑ ግምገማ የሚደረገው «ለታሰቡ» ሥራዎች ነው ይላል። እኛ አሻሽለነዋል። ዶዘሩ ቀድሞ ይገባል፣ ጥናቱ ይከተለዋል፤ አጥኚው መሬቱን ተደልድሎ ስለሚያገኘው ለመራመድም ይመቸዋል። «አማራጮች» የሚለው ምዕራፍ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ መጋዘኑን እዚሁ መሥራት፣ ወይም በድህነት መማቀቅ። ሌላ ቦታ መሥራት የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ረግረጉ አፍ ቢኖረው «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ባለ ነበር።

ሕዝቡም ተጠይቋል። አባሪው ላይ የፊርማ ዝርዝር አለ፤ ሰዎቹ የፈረሙት ለመገኘታቸው ነው፣ ሰነዱ የተረጎመው ግን ለመስማማታቸው ነው። እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል። ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም። ጎርፉን መጥጦ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው፤ ሲደለደል ያ ውኃ የትም አይጠፋም፣ ከታች ያሉት ሰዎች ቤት ይገባል። እነዚያው የፈረሙት ሰዎች ቤት! ልጅ አዝሎ በሌሊት ከውኃ የሚሸሽን ሰው ፊርማ አባሪ አድርጎ መሸጥ ጥናት አይባልም። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጥራዝና ማኅተም ስላለው ብቻ አንጠራውም።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለጉዳቱ ማካካሻ በግቢው አጥር ዙሪያ ችግኝ ይተከላል ተብሏል። ዛፉ ውኃ ውስጥ እንቁላል ለምትጥል ፍጥረት ምን እንደሚያደርግላት አልተገለጸም። ቢሆንም ለፎቶ ያምራል።

ትናንት ማታ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። በዚያ በኩል ሳልፍ ከመጋዘኑ መሠረት ጎን ካለው ቦይ ውስጥ የሆነ ነገር መጮኽ ጀምሮ ነበር። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ሰነዱ የለችም ስላለ፣ አልሰማሁም ብዬ ቤቴ ገባሁ።