«ዓይኔ ደህና ነው» ለሚሉ ጀግኖች የቀረበ ምስጋና

እንደኛ አገር ሰው የዓይኑን ነገር በትዕግሥት የሚይዝ የለም። ጥርሱን ሲያመው ሌሊቱን ሙሉ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ሆዱን ሲቆርጠው በአንድ ቀን ሦስት ክሊኒክ ያዳርሳል። ዓይንን ቀስ እያለ የሚያሳውረው ግላኮማ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፣ አያስለቅስም። የማያም በሽታ ደግሞ በእኛ ዘንድ በሽታ አይደለም፣ የሐኪም ወሬ ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ በአንዲት ጋቢ የሚያሳልፍ ሕዝብ ለወሬ አይበረግግም። ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት።

ከጋሼ ልጀምር። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ከደብረ ሲና ወጣ ብለው ይኖራሉ። ከዓመታት በፊት ከጎረቤታቸው ጋር ክፉኛ ተጣሉ። ጠቡ የመሬት አይደለም፣ የሰላምታ ነው። ጎረቤትየው በቀኝ በኩል ሲያልፍ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሣ፣ ጋሼ ቀጥ ብለው ሄዱ። አንድ ቀን ነው ተብሎ ታለፈ። ደገሙት። በሦስተኛው ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጎረቤትየው ከጎን እጁን ዘረጋላቸውና እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ በኋላማ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ግማሽ ቀን ሙሉ ክርክር ተደረገ፣ ዘር ተቆጠረ፣ የድሮ ቂም ተፈተሸ፣ በመጨረሻም «ኩራት ነው» ተብሎ ጋሼ በግ እንዲያርዱ ተፈረደባቸው። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱም «በቀኝ በኩል ያለው ነገር ይታይዎታል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። በጉን እኔም በልቻለሁ። ጣፋጭ ነበር።

በሽታው የሚበላው ከዳር ነዋ። ዓይን ውስጥ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፣ የሚወጣበትም ቦይ አለው። ቦዩ ሲሰንፍ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ደግሞ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። በአብዛኛው ሰው ግፊቱ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፣ ምንም እንኳ ግፊታቸው እዚያው መሀል ሆኖ ነርቫቸው የሚሞትባቸውም ቢኖሩ። በጣርማ በር ዋሻ በመኪና ያለፈ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መውጫው ፊት ለፊት ክብ ብርሃን ሆኖ ይታያል፣ ግራና ቀኙ የለም። ልዩነቱ ከጣርማ በር መኪናው ያወጣችኋል። ደግሞ ግላኮማ ጨለማውን እንኳ አያሳይም፤ አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍንለታል፣ አንጎልም ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ባለቤቱ በሩን በትከሻው እየመታ «ይህን በር ማን አጠበበው?» ይላል።

«ሞራ ነው፣ ይብሰል» ለሚሉት የተለየ ምስጋና አለኝ። ሞራ ሲሆን ያምርባቸዋል፣ ምክንያቱም ሞራ ይገፈፋል፣ ዓይንም ይመለሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ዓይነ ስውር ከሆነው ሰው ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነበር፣ ግላኮማ ግን 5.2 በመቶውን ብቻ። ትንሽ ነው አይደል? ችግሩ ያ ትንሹ አይመለስም። ነርቭ አይገፈፍም። ጠብታውም፣ ጨረሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የሚጠብቁት የቀረውን ነው፣ የሄደውን አያመጡም። ጀግናው ግን ግላኮማውን ሞራ ነው ብሎ እንደ ሙዝ ሲያበስለው ይከርምና አንደኛው ዓይን ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ፣ ሁለተኛው ሲጀምር፣ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። የግላኮማ በሽተኛን ዓይን ከሚያሳጡት ነገሮች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው፣ ዘግይቶ መምጣት። እኛ ደግሞ በማርፈድ አንታማም።

ፋርማሲ የሚሄዱትንስ እንዴት እረሳለሁ! «ያቺን ቅላት የምታጠፋውን ስጠኝ።» ሻጩ ያውቃታል። ዴክሳሜታሶን ያለባት ጠብታ ናት፣ በአንድ ሌሊት ዓይን ታነጻለች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲጨምሯት ደግሞ በአንዳንዱ ሰው ላይ የዓይኑን ግፊት ዝም ብላ ሽቅብ ትገፋለች። ነጭ ዓይን ይዞ መታወር ማለት ነው። ከዚያ ለጎረቤት ማዋስ አለ። የእኛ ሰው ቸር ነው፣ አንዲት ብልቃጥ ሦስት ቤት ትዞራለች። ቲሞሎል የተባለችው የግላኮማ ጠብታም አስም ላለበት ሰው ትንፋሹን ልታሳጥረው እንደምትችል ማን አስቦት፣ ጠብታ ጠብታ ነው።

ጋሼ በመጨረሻ ታከሙ። የዕድሜ ልክ ጠብታ ታዘዘላቸው። የመጀመሪያዋን ብልቃጥ ጨረሱና «ጨረስኩት» ብለው መጡ፣ ልክ እንደ አሞክሳሲሊን። ሁለተኛዋን ደግሞ «ብርሃን አልጨመረችልኝም» ብለው ተዋት። አትጨምርማ! ሥራዋ መጨመር አይደለም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ጠብታው ጉሮሮ ላይ ይመራል፣ የመረረ ነገር ደግሞ ሳይቀመስ አልቀረም፣ ስለዚህ ጾም ይሽራል፣ ስለዚህ 55 ቀን እረፍት። ካህኑ አቁሙ አላሏቸውም፣ የንስሐ አባታቸው እንዲያውም መድኃኒቱን እንዲወስዱ ነግረዋቸዋል። አቁሙ ያሉት ጎረቤት ናቸው፣ ያው የታረቋቸው። ጠብታዋን ጨምሮ ዓይንን መክደንና በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት መጫን ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን በጣም ይቀንሰዋል፤ ይህን ግን ሐኪም ነው የሚናገረው፣ ሐኪም ደግሞ እንደ ጎረቤት አይታመንም። የሚገርመው የዓለም የግላኮማ ሳምንት የሚውለው በፈረንጆች ማርች ነው፣ እዚያው ጾሙ ውስጥ።

የቀጠሮ ዋዜማ ሲሆን ግን ጋሼን ማየት ነው። ጠዋት ጠብ፣ ማታ ጠብ። ሐኪሙ ይለካል፣ ግፊቱ ደህና ነው፣ «በርቱ ጋሼ» ይላቸዋል። ይበረታሉ፣ እስከሚቀጥለው ዋዜማ።

መንገዱ ሩቅ ነው የሚሉም አሉ፣ እውነትም አላቸው። ግን አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በስማቸው የተጠራ ሆስፒታል አዲስ አበባ አለ፣ ዓይንም ያክማል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለሠርግ ልብስ ስንሄድ ቅርብ ነው፣ ለዓይን ስንሄድ ሩቅ።

አሁን ከሁሉ የምኮራበትን ልንገራችሁ። ሐኪሙ ጋሼን «ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ካለዎት አምጧቸው» ብሏቸው ነበር። ወላጁ ወይም ወንድሙ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው ብዙ እጥፍ ይሰጋል። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ይብሳል፣ እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ቀድሞ ይመጣል፣ ከፍቶም ይመጣል። ጋሼ ሰምተው ቤታቸው ገቡና ከዘመድ ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸው ልትታጭ ነበራ! «ዘራቸው ዓይን የለውም» ይባል እንዴ? ጠብታውን ሦስት ቤት ያዞሩት ሰውዬ በሽታውን ለአንድ ወንድማቸው እንኳ አላዋሱም። እኛ ያወቅነው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ብልቃጧን ከመሶቡ ጀርባ አክስቴ ስታገኛት።

በነጋታው አባባ ዘንድ ሄድኩ። ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ እማዬ ቡና ታፈላለች። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ደብረ ብርሃን እንሂድና ዓይንዎን ይታዩ አልኳቸው። ሳቁ። «የኔን ዓይን?» አሉና ፊት ለፊት ያለውን ተራራ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ያቺ ጥቁሯ በግ ታነክሳለች። የፊት ግራ እግሯን ነው። አየሃት?» አተኩሬ ፈለግኋት። አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ማነከሷን ግን እኔ በ41 ዓመት ዓይኔ ላየው አልቻልኩም።

«ጎበዝ!» አልኳቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሲመልሱ እማዬ በግራ ጎናቸው ያኖረችላቸውን ስኒ በክንዳቸው ጠረጉት። ቡናው አመዱ ላይ ፈሰሰ። አባባ ዞረው አዩትና ተቆጡ።

«ይህን ስኒ እዚህ ማነው ያስቀመጠው?»